የድሮው ታክስ አይዲ ለአዲሱ ሥራ ይሆናል ወይ?

እዚህ አሜሪካ ቢዝነስ ከፍተው የዘጉ ሰዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ሊጀምሩ ሲነሡ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «የድሮው ታክስ አይዲ አለኝ። በሱ ልቀጥል ወይስ አዲስ ላውጣ?» እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፤ ታክስም እሠራለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ኡበር የሚነዱ፣ የጽዳት ድርጅት ያላቸው፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ትራክ ገዝተው ጭነት የሚያመላልሱ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በተሳሳተ ቁጥር የጀመረ ሰው ግን ከባንክ እስከ ታክስ ፋይል ድረስ ሲንከራተት ስለማይ መልሱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው አልኩ።

አብዛኛው ሰው ከሥራው ዓይነት ይነሣል። «ያኔ ጽዳት ነበር፣ አሁን ካፌ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ቁጥር ያስፈልገኛል» ይላል። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚያየው ግን የቁጥሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። ባለቤቱ ሰው ሊሆን ይችላል። ኤልኤልሲ (በስቴቱ የሚመዘገብ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት)፣ ኮርፖሬሽን ወይም ሽርክናም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ያው ከሆነ ቁጥሩም ያው ነው፤ ጽዳቱ ካፌ ቢሆንም። ባለቤቱ ከተቀየረ ግን ሥራው፣ ቤቱ፣ ስሙ ሁሉ ያው ቢሆን እንኳ ቁጥሩ አብሮ አይሄድም።

ታክስ አይዲ የምንለው በወረቀቱ ላይ ኢአይኤን የሚባለው ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ሁለት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አኃዝ። አንዴ ከተሰጠ አይሰረዝም፤ ለሌላም አይሰጥም። ምንም ታክስ ፋይል ሳይደረግበት ለዓመታት ቢቀመጥ እንኳ የተሰጠው የዚያው ባለቤት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ «ጊዜው አልፎበታል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። አይአርኤስ ስትጠይቁት በቁጥሩ ላይ ያለውን የቢዝነስ አካውንት ሊዘጋ ይችላል። ቁጥሩ ግን በባለቤቱ ስም እንደተመዘገበ ይቆያል፤ ካስፈለገም ወደፊት ሊሠራበት ይችላል።

በራሳችሁ ስም ከሠራችሁ

ኤልኤልሲም ኮርፖሬሽንም ሳታቋቁሙ፣ ብቻችሁን፣ በራሳችሁ ስም ከነበራችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የቁጥሩ ባለቤት እናንተ ናችሁ። አንዲት ደንበኛዬ ከዓመታት በፊት ቤቷ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታቀርብ ነበር። ያኔ ታክስ አይዲ አወጣች። ሥራውን ትታ ቆየችና በኋላ የሕፃናት መዋያ ልትከፍት አሰበች። ሁለቱም በራሷ ስም ናቸው። የድሮው ቁጥር ይበቃታል። ስም መቀየር፣ ቦታ መቀየር፣ ሌላ ቦታ መጨመር፣ ሁለት ሦስት ሥራ ጎን ለጎን መሥራት አዲስ ቁጥር አያስወጣም። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ካሏችሁ ለእያንዳንዱ የራሱ ስኬጁል ሲ፣ ማለትም የሥራው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ፎርም፣ ይሞላል። ቁጥሩ ግን በሁለቱም ላይ ያው አንዱ ነው።

በራሱ ስም የሚሠራ ሰው አዲስ ቁጥር የሚያስፈልገው በጥቂት ሁኔታ ነው። ሥራውን ወደ ኮርፖሬሽን ከለወጠ፣ ሸሪክ አስገብቶ ሽርክና ከሆነ፣ የኪሳራ ክስ ውስጥ ከገባ፣ ወይም የሌላ ሰው ቢዝነስ ገዝቶ ወይም ወርሶ ማካሄድ ከጀመረ።

እዚህ ላይ ለኛ ሰዎች በተለይ የምነግረው ነገር አለ። አይአርኤስ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያመሳክረው በስሙ የመጀመሪያ አራት ፊደላት ነው። በራሱ ስም ለሚሠራ ሰው እነዚህ ፊደላት የሚወሰዱት ከንግዱ ስም አይደለም፤ ከባለቤቱ የቤተሰብ ስም ነው። የኛ ስም ደግሞ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ታክስ አይዲውን ሲያወጣ የአባቱን ስም በመጨረሻ ያስገባ ሰው፣ ዜግነት ሲወስድ ሶሻል ካርዱ ላይ የአያቱ ስም የመጨረሻ ሆኖ ይወጣል። የድሮው ቁጥር በአባት ስም ተመዝግቦ ቀርቷል፤ አዲሱ ወረቀት በአያት ስም ነው። ከዚያ በኮምፒዩተር የተላከው ታክስ «ስሙና ቁጥሩ አይገጥምም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው አዲስ ቁጥር ማውጣት አይደለም። ታክሳችሁን ወደምትልኩበት የአይአርኤስ አድራሻ የስም ለውጡን የሚገልጽ፣ በራሳችሁ የተፈረመ ደብዳቤ ትልካላችሁ። ይህንን ታክስ ሰሞን ሳይደርስ ብትጨርሱት ይሻላል።

ኤልኤልሲ ከነበራችሁ

ብዙ ግራ መጋባት ያለው እዚህ ነው። ኤልኤልሲ ራሱን የቻለ አካል ነው። ለኤልኤልሲው የወጣው ቁጥር የኤልኤልሲው እንጂ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ «ቢዝነሱ ተዘግቷል» ስትሉኝ እኔ መልሼ የምጠይቀው «የተዘጋው ምኑ ነው?» ብዬ ነው። በሩ ተዘጋ? የባንክ አካውንቱ ተዘጋ? ወይስ ኤልኤልሲው በስቴቱ መዝገብ ላይ ፈርሷል? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኤልኤልሲው በስቴቱ መዝገብ ላይ አሁንም ሕያው ከሆነ፣ ዓመታዊ ክፍያውም ሳይቋረጥ ከቆየ፣ በውስጡ ሌላ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። የጽዳቱ ኤልኤልሲ ነገ ምግብ መሸጫ ትራክ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ስሙ ካልወደዳችሁት በስቴቱ በኩል ይቀየራል፤ ወይም የንግድ ስም ይመዘገብለታል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለቱም ድርጅቶችን በሚመዘግበው በስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን በኩል ነው የሚያልቁት። ታክስ ስትሞሉ የሥራውን ዓይነት የሚያሳየውን ኮድ ትቀይራላችሁ። ቁጥሩ ያው ነው።

ኤልኤልሲው ክፍያ ባለመክፈሉ በስቴቱ ተሰርዞ ከሆነስ? ቨርጂኒያ ውስጥ የኤልኤልሲ ዓመታዊ ክፍያ 50 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር 300 ዶላር ይከፈላል። ሰው ሥራውን ሲያቆም ይህን ይረሳዋል፤ ከዚያ ስቴቱ ራሱ ይሰርዘዋል። በቨርጂኒያ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ውዝፉን ከፍሎ ማስመለስ ይቻላል። ከተመለሰ ያው የድሮው ኤልኤልሲ ነው፤ የድሮው ቁጥርም አብሮት ይመለሳል።

አዲስ ኤልኤልሲ ካቋቋማችሁ ግን ሌላ አካል ተፈጠረ ማለት ነው። ስሙ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ከድሮው ጋር አንድ ቢሆን እንኳ ሌላ ነው። የድሮውን ቁጥር ለእሱ መስጠት አይቻልም። አንድ ትራክ የሚነዳ ደንበኛዬ የድሮው ኤልኤልሲ ሲሰረዝበት በዚያው ስም አዲስ አስመዘገበና የድሮውን ቁጥር ለደላላው ድርጅት ሰጠ። ክፍያው የሚመዘገበው በፈረሰው ኤልኤልሲ ቁጥር ሆነ። ወረቀቱን ለማስተካከል ከአንድ ክረምት በላይ ተጻጽፈናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ አካውንታንቶች ሳይቀር የሚዘነጉት ስለሆነ። ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ የሆነ ኤልኤልሲ፣ እንደ ኮርፖሬሽን ልታክስ ብሎ ካልመረጠ፣ በፌዴራል ገቢ ታክስ ዓይን ከባለቤቱ ተለይቶ አይታይም። ገቢው በባለቤቱ ስኬጁል ሲ ላይ ይገባል። እንዲህ ያለ ኤልኤልሲ ሠራተኛም የኤክሳይዝ ታክስም ከሌለበት የግድ የራሱ ቁጥር እንዲኖረው በፌዴራል ሕግ አይጠየቅም። ሠራተኛ ከቀጠረ ግን ለሠራተኛ ታክስ የራሱ ቁጥር የግድ ነው። ባንኮችም በአብዛኛው የኤልኤልሲውን ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያውኑ ያወጣል። ደብሊው-9 (ለሚከፍላችሁ ድርጅት ስምና የታክስ ቁጥር የምትሰጡበትን ፎርም) ስትሞሉ ደግሞ በመጀመሪያው መስመር የእናንተ ስም፣ በሁለተኛው መስመር የኤልኤልሲው ስም ይጻፋል። ከታች የሚገባው ቁጥር የባለቤቱ ነው፤ ሶሻል ወይም ባለቤቱ በራሱ ስም ያወጣው ታክስ አይዲ። የኤልኤልሲው ቁጥር አይደለም። ስሙና ቁጥሩ ካልገጠመ የሚከፍላችሁ ድርጅት ከአይአርኤስ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ እናንተ ካላስተካከላችሁ ከክፍያችሁ ላይ 24 በመቶ ቆርጦ ለመንግሥት እንዲያስገባ ይገደዳል።

ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩ

አንድ ሰው ብቻውን የያዘው ኤልኤልሲ ነበር እንበል። አሁን አዲሱን ሥራ ከሚስቱ ጋር ሊሠራ ነው፤ እሷንም በወረቀት ሊያስገባት ነው። ኤልኤልሲው ቀድሞ የራሱ ቁጥር ካለው ቁጥሩ አይቀየርም። የሚቀየረው የታክሱ አሞላል ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ባለቤት ያለው ኤልኤልሲ እንደ ሽርክና ይታያል፤ የሽርክና ታክስ የሚሞላበት ፎርም 1065 በየዓመቱ ይገባል። ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ያላችሁ ግን የባልና ሚስት ንብረት የጋራ በሆነበት ስቴት ስለምትኖሩ፣ ሁለታችሁ ብቻ የያዛችሁት ኤልኤልሲ እንደ አንድ ባለቤት ሊታይ ይችላል። ሲያትልና ዳላስ ያሉ ዘመዶቻችሁ የሰጧችሁ ምክር እዚህ የማይሠራው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ያለ ኤልኤልሲ በራሱ ስም የወጣ ቁጥር ከሆነ ግን ሸሪክ ሲገባ ሽርክናው የራሱን ቁጥር ያወጣል። ከወንድም፣ ከጓደኛ፣ ከእቁብተኛ ጋር ቢሆንም ያው ነው። የድሮ ሽርክና ፈርሶ ከሌላ ሰው ጋር ሌላ ሲጀመርም አዲስ ነው። ኮርፖሬሽን ደግሞ ከስቴቱ አዲስ ቻርተር (የምሥረታ ፈቃድ) ከወሰደ አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ ስሙን ወይም አድራሻውን ብቻ ከቀየረ፣ ወይም ኤስ ኮርፕ (ትርፉ በባለቤቶቹ ታክስ ላይ የሚገባ ኮርፖሬሽን) ልሁን ብሎ ከመረጠ አያወጣም።

የሰው ቢዝነስ ስትገዙ

ይህን ለብቻው የማነሣው ጉዳት ስላየሁበት ነው። አንድ ሰው የሚያውቀውን ሰው ምግብ ቤት ይገዛል። ምድጃው፣ ወንበሩ፣ የኪራይ ውሉ ይዛወራል። የክሬዲት ካርድ ማሽኑ ግን በሻጩ ታክስ አይዲ እንደተመዘገበ ይቀራል። «ለጊዜው ነው፣ እናስተካክለዋለን» ይባባላሉ። መተማመን አለ፤ የአገር ልጆች ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ የዓመቱ የካርድ ሽያጭ በሙሉ 1099-ኬ በሚባለው የካርድ ሽያጭ ማሳወቂያ ፎርም ላይ በሻጩ ስም ይመጣል። ሻጩ ባልሸጠው ይጠየቃል። ገዢው ደግሞ ገቢው የእሱ መሆኑን ማሳየት ያቅተዋል፤ ብድር ሲጠይቅ በስሙ ምንም ሽያጭ የለም። ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ሲኳረፉ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም።

የገዛችሁት ዕቃውንና ቦታውን ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር ጀምሩ። የካርድ ማሽኑ፣ የሽያጭ ታክሱ፣ የሠራተኛ ደመወዙ ሁሉ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ በእናንተ ቁጥር ይሁን። የገዛችሁት ኤልኤልሲውን ራሱን ከሆነ፣ ማለትም የሻጩን ድርሻ ከሆነ፣ የኤልኤልሲው ቁጥር አብሮ ይመጣል። ዕዳውም አብሮ ይመጣል። ያልተከፈለ የሽያጭ ታክስ፣ ያልገባ የሠራተኛ ታክስ፣ ያልቀረበ የዓመት ሪፖርት። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ከስቴቱና ከአይአርኤስ የሒሳቡን ሁኔታ የሚያሳይ ወረቀት አውጥቶ ያሳያችሁ። ይህን መጠየቅ ሰውየውን መጠርጠር አይደለም። የሚያምናችሁ ሻጭ ያወጣላችኋል።

ከተረከባችሁ በኋላ ፎርም 8822-ቢ ሙሉና በፖስታ ላኩ። የኤልኤልሲው ኃላፊ ማን እንደሆነ ለአይአርኤስ የሚያሳውቀው ይህ ነው። ለውጡ በተደረገ በ60 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ክፍያ የለውም። ካልላካችሁ ደብዳቤው ሁሉ ወደ ቀድሞው ባለቤት ቤት ይሄዳል፤ እናንተም ማሳሰቢያው ሳይደርሳችሁ ቅጣቱ ይጠራቀማል።

የድሮውን ቁጥር ከመቀስቀሳችሁ በፊት

እሺ፣ ባለቤቱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ይሆናል እንበል። መብቱ አላችሁ ማለት ግን ዛሬውኑ ወደ ባንክ ሂዱ ማለት አይደለም። መጀመሪያ በቁጥሩ ላይ ምን እንደተቀመጠ እዩ።

አይአርኤስ ለቢዝነስ የከፈተው መስመር 800-829-4933 ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት በአካባቢያችሁ ሰዓት ይሠራል፤ ሰዓቱን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት ገና ሲከፍቱ ደውሉ። ሶሻላችሁን፣ ቁጥሩን፣ ያኔ የነበረውን አድራሻ፣ በምን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቋችኋል። የቁጥሩ ወረቀት ከጠፋባችሁ 147-ሲ የሚባለውን የቁጥር ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ቁጥሩ ሲወጣ የተላከው ሲፒ 575 ይባላል፤ እሱ ድጋሚ አይታተምም። ባንኮች 147-ሲን ይቀበላሉ። ቁጥሩን ራሱን ካላስታወሳችሁት የድሮ ታክስ ወረቀት፣ የድሮ ባንክ ማመልከቻ፣ የድሮ ፈቃድ ላይ ፈልጉት።

ስልኩ ላይ እያላችሁ የሚከተለውንም ጠይቁ፦ «በዚህ ቁጥር ላይ የምትጠብቁት፣ ያልገባ ፎርም አለ?» ይህ ጥያቄ ትልቁ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ሥራውን ማቆምና ለአይአርኤስ ማቆማችሁን መንገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሠራተኛ የነበረው ሰው በየሦስት ወሩ የሠራተኛ ታክስ የሚያሳየውን ፎርም 941 ያስገባ ነበር። ሥራው ሲቆም የመጨረሻው ፎርም ላይ «ይህ የመጨረሻዬ ነው» የሚለው ሣጥን ምልክት ሊደረግበት ይገባ ነበር። ካልተደረገ፣ ሠራተኛም ደመወዝም ባይኖር እንኳ፣ አይአርኤስ ፎርሙን በየሩብ ዓመቱ ሲጠብቅ ይኖራል። ኤስ ኮርፕ ለመሆን ያመለከተ ኤልኤልሲም እንዲሁ ነው። ምርጫው ሥራው ስለቆመ ብቻ አይጠፋም። ገቢ ባይኖረውም በየዓመቱ እስከ ማርች 15 የኤስ ኮርፕ ታክስ የሚሞላበት ፎርም 1120-ኤስ ይጠበቅበታል። ለዘገየ ፎርም የሚከፈለው ቅጣት በወር በባለቤት ይቆጠራል። ለ2024 የታክስ ዓመት በአንድ ባለቤት በወር 245 ዶላር ነው፤ እስከ 12 ወር ይሄዳል። ሁለት ባለቤት ካለው 12 ወር ሲሞላ 5,880 ዶላር ይሆናል። አንድ ሳንቲም ባላስገባ ቢዝነስ ላይ። ባልና ሚስት ይህን ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ላይ የማየው ድንጋጤ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ካለ ተስፋ አትቁረጡ። የጎደለውን ፎርም ሁሉ አስገቡ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሦስት ዓመታት ንጹሕ ከሆኑ የመጀመሪያ ጊዜ ቅጣት ይነሣልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ሲነሣም በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ቅጣቱ ሲመጣበት ዝም የሚል ሰው ግን ሁሉንም ይከፍላል።

የሠራተኛ ታክስ ዕዳ ካለ ደግሞ በቁም ነገር ያዙት። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ለመንግሥት ያልገባ ገንዘብ እንደ አደራ ገንዘብ ነው የሚታየው። አይአርኤስ ኤልኤልሲውን አልፎ፣ ገንዘቡን እንዳይገባ ያደረገውን ኃላፊ በግሉ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «አዲስ ኤልኤልሲ ከፍቼ አዲስ ቁጥር ላውጣና ከዕዳው ልገላገል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። ዕዳው ሰውየውን ይከተላል። አይአርኤስ በክፍል በክፍል ያስከፍላል፤ መነጋገሩ ይሻላል።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ ለሚለኝ ሰው የኔ ምክር ይህ ነው። የድሮው ኤልኤልሲ ንጹሕ ከሆነ፣ ስሙ ከታወቀ፣ ባንክ ዘንድ ታሪክ ካለው፣ በሱ ቀጥሉ። ለብድር ሲታይ የቆየ ድርጅት መሆኑ ይጠቅማል። የድሮው ሥራ ግን የሚከስ ደንበኛ፣ ያልተዘጋ የኪራይ ውል ወይም የተጣላ ሸሪክ ካለው፣ አዲሱን ሥራ በዚያ ውስጥ አታስገቡት። የአዲሱ ሥራ ዕቃና ገንዘብ በድሮው ዕዳ ሊያዝ ይችላል። የድሮውን በሥርዓቱ ጨርሱና ለአዲሱ የራሱን ኤልኤልሲና ቁጥር አውጡ።

ከቀጠላችሁ ምን ይስተካከላል

አድራሻ ከተቀየረ 8822-ቢ ላኩ፤ ያው ፎርም ለአድራሻም ለኃላፊም ይሠራል። ኮርፖሬሽን ወይም ሽርክና ሆኖ ስሙ ብቻ ከተቀየረ፣ የዓመቱ ታክስ ፎርም ላይ ለስም ለውጥ የተዘጋጀ ሣጥን አለ፤ እሱን ምልክት ማድረግ ይበቃል።

የፌዴራሉ ቁጥር ያው ስለሆነ የስቴቱ ሁሉ ያው ነው ብላችሁ አታስቡ። የሽያጭ ታክስ አካውንት፣ የሠራተኛ ታክስ አካውንት፣ የሥራ አጥ መድን አካውንት በየስቴቱ ለብቻ ናቸው። ሥራ ስታቆሙ ዘግታችኋቸው ከሆነ እንደገና ይከፈታሉ። ከጽዳት ወደ ምግብ ከሄዳችሁ ቀድሞ የሽያጭ ታክስ ላይኖርባችሁ ይችላል፤ አሁን ግን ይኖራል። ቨርጂኒያ በስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት በኩል፣ ሜሪላንድ በኮምፕትሮለሩ (የስቴቱ ግብር ሰብሳቢ ቢሮ) በኩል፣ ዲሲ ኤፍአር-500 በሚባለው የምዝገባ ፎርም ይመዘገባል። የካውንቲ ወይም የከተማ የንግድ ፈቃድም በአዲሱ ሥራና አድራሻ ይወጣል። የጤና ቁጥጥሩ ደግሞ ሌላ በር ነው፤ ምግብ የምትሠሩ ከሆነ ከሁሉም ቀድማችሁ እዚያ ሂዱ።

ባንክ ስትሄዱ 147-ሲውን ወይም ሲፒ 575ን፣ ከስቴቱ የተሰጠውን የምሥረታ ወረቀት፣ የንግድ ስም ካለ ምዝገባውን ያዙ። ሦስቱ ላይ ያለው ስም በፊደል አንድ መሆኑን ቤታችሁ ሆናችሁ አመሳክሩ። ኮማ፣ «ኤንድ» በቃል ወይም በምልክት መጻፉ፣ የተረሳ ፊደል፣ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ሰውን ከባንክ ይመልሳሉ።

አዲስ ማውጣት ካለባችሁ

ነፃ ነው። አይአርኤስ ለዚህ አንድ ሳንቲም አይቀበልም። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ከላይ ከላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች የመንግሥት ገጽ መስለው ገንዘብ ይጠይቃሉ። አድራሻው በዶት ጎቭ ካላለቀ ውጡ። ሶሻላችሁንም ለማታውቁት ድርጅት አትስጡ።

በአይአርኤስ ገጽ ላይ ለማውጣት የኃላፊው ሶሻል ወይም አይቲን (ሶሻል የሌለው ሰው የሚወስደው የታክስ ቁጥር) ያስፈልጋል። 15 ደቂቃ ሳትነኩት ከቆያችሁ ይዘጋና ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ፤ ስለዚህ ወረቀታችሁን አሰናድታችሁ ተቀመጡ። ኤልኤልሲ ከሆነ መጀመሪያ ስቴቱ ያጽድቀው፤ ከዚያ ቁጥሩን አውጡ። አንድ ኃላፊ በቀን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያወጣው። ሲያልቅ ደብዳቤው እዚያው ይመጣል፤ አውርዳችሁ አስቀምጡ። በቁጥሩ ወዲያው ባንክ መሄድ ይቻላል። በኮምፒዩተር ታክስ ለመላክ ግን በአይአርኤስ መዝገብ ላይ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በኮምፒዩተር የማይሆንላችሁ የማመልከቻውን ፎርም ኤስኤስ-4 ሞልታችሁ በፋክስ ላኩ፤ በአራት የሥራ ቀን ገደማ ይመለሳል። በፖስታ አራት ሳምንት ገደማ ነው።

የማትጠቀሙበት የድሮ ቁጥር ከቀራችሁ አካውንቱን አስዘጉት። መጀመሪያ የጎደለ ፎርም ይግባ፣ ያለባችሁ ዕዳም ይከፈል፤ ያለዚያ አይዘጉላችሁም። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። የቢዝነሱ ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ ቁጥሩ፣ አድራሻው፣ የምትዘጉበት ምክንያት ይግባበት። ቁጥሩ ሲሰጣችሁ የተላከው ደብዳቤ ካላችሁ ቅጂውን አያይዙ። አድራሻው ኢንተርናል ሬቨኑ ሰርቪስ፣ ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ 45999 ነው። በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኩትና ደረሰኙን ከታክሱ ፋይል ጋር አስቀምጡ።